ሦስቱ ሐይቆች፦ የድረ ገጽ የጎን ማውጫ እንዴት ይሰናዳል?

ደሴ ላይ ታሪክ ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ ከወጡ በኋላ ስለ ወሎ የሚጽፉበት ድረ ገጽ ከፍተዋል። ጽሑፎቹ የዋዛ አይደሉም። ስለ ውጫሌ ውል፣ ስለ ንጉሥ ሚካኤልና ስለ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ስለ አራቱ ቅኝቶች ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን እያወጡ ያስቀምጣሉ። ባለፈው ክረምት ደወሉልኝና «ሰው ይገባል፣ አንዷን ያነባል፣ ይወጣል። ሌላው መኖሩን የሚያውቅ የለም። ምን ይሻላል ልጄ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ቡናው እየተቆላ ላፕቶፑን ከፈትነው። ከጽሑፉ በስተቀኝ ባለው ጠባብ ዓምድ ላይ የርእሶች ዝርዝር አለ። ከላይ ጀምሬ ሳነበው እንዲህ ይላል፦ ሀይቅ፣ 3 ጽሑፍ። ሃይቅ፣ 4 ጽሑፍ። ልጅ ኢያሱ፣ 6 ጽሑፍ። ሐይቅ፣ 9 ጽሑፍ።

አንዱ ሐይቅ ሦስት ሆኗል፤ ልጅ ኢያሱም መሃላቸው ገብተው ተቀምጠዋል። ዘጠኙን ያገኘ አንባቢ ሰባቱን አያያቸውም። «ጋሼ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ግን ችግሩ የቁልፍ መጫን መስሏቸው ነበር። የጎን ማውጫ ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የቱን ልጫን?» ነው። መጫኑ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀን የሚፈጀው ሌላው ነው፤ ይህን ማብራሪያ የምጽፈውም በይበልጥ ስለዚያኛው ነው።

ሳይድባር የምንለው ከዋናው ጽሑፍ ጎን የሚቆመውን ዓምድ ነው። እኔ የጎን ማውጫ ማለት እመርጣለሁ፤ ሥራው እሱ ነውና። በውስጡ የሚደረደሩት ትንንሽ ሳጥኖች፣ ድረ ገጽ ከምንሠራባቸው መድረኮች አንዱ በሆነው በዎርድፕረስ ዊጀት፣ የጋሼ ገጽ ባለበት በብሎገር ደግሞ ጋጀት ይባላሉ፤ ነገሩ አንድ ነው። አንዱ ሳጥን ርእሶችን ይዘረዝራል፣ አንዱ የመፈለጊያ ቦታ ይሰጣል፣ አንዱ ብዙ የተነበቡትን ያሳያል። ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ ከተዘጋጀ ዝርዝር እየመረጡ ማስቀመጥና ወደ ላይ ወደ ታች እየጎተቱ ማስተካከል ነው።

ለምን ያስፈልጋል የሚለውን በደንብ እንያዘው። አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ በዋናው በር አይገባም። ወዳጁ በቴሌግራም የላከለትን ሊንክ ነክቶ፣ ወይም ጉግል ላይ ፈልጎ፣ በቀጥታ አንዱ ጽሑፍ መሃል ላይ ዱብ ይላል። ከኮምቦልቻ ተሳፍሮ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ ማለት ነው። ከዚህ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ታፔላው ነው፦ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ አቀስታ፣ መካነ ሰላም። ታፔላው ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ቢጻፍ ማን ይሳፈራል? የብዙ ሰው የጎን ማውጫ ላይ ግን «ልዩ ልዩ»፣ «ሌሎች»፣ «ጠቅላላ ዕውቀት» የሚል አይጠፋም። በዎርድፕረስማ ምድብ ሳትሰጡት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁሉ ራሱ «ያልተመደበ» ወደሚል ቋት ይከተዋል፤ ያ ስም ለእንግዳ የሚናገረው ነገር የለም።

ወደ መጫኑ እንለፍና ቶሎ እንጨርሰው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 የገዛው ብሎገር ላይ ከሆናችሁ በግራ በኩል «ሌይአውት» የሚለውን ክፈቱ። የገጹ ሥዕል በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ ይመጣል። በጎን ዓምዱ ቦታ «አድ ኤ ጋጀት» የሚለውን ስትነኩ የሳጥኖቹ ዝርዝር ይከፈታል። ከእነሱ ውስጥ «ሌብልስ» የሚለውን ምረጡ፤ ለጽሑፎቻችሁ የሰጣችኋቸውን መለያዎች አንድ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ሲከፈት ጥቂት ጥያቄ ያቀርብላችኋል። ሁሉም መለያ ይታይ ወይስ የተመረጡት ብቻ? በፊደል ተራ ይደርደር ወይስ በጽሑፍ ብዛት? በዝርዝር ይሁን ወይስ ትልልቅና ትንንሽ ቃላት እንደ ደመና ተበትነው? የጽሑፉ ቁጥር ይታይ?

የእኔ ምክር ይህ ነው። የተመረጡትን ብቻ አሳዩ፤ ከሰባት ስምንት ባይበልጡ መልካም ነው። በዝርዝር አድርጉት። ደመናው ለዓይን ያምራል፤ አንባቢን ግን አያደርስም፤ በተለይ የግእዝ ፊደል በትንሹ ተጽፎ በስልክ ሲታይ ለማንበብ ያስቸግራል። ቁጥሩ ደግሞ ቢያንስ ጽዳቱ እስኪያልቅ ይታይ፤ የጋሼን ሦስት ሐይቆች ያጋለጠልኝ እሱ ነው።

ሐመሩ ሐ ወይስ ሀሌታው ሀ?

እኛ «ሐይቅ»ን በሐመሩ ሐ ብንጽፈው፣ በሀሌታው ሀ ብንጽፈው፣ አንባቢ አንድ አድርጎ ያነበዋል። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያየው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለማሽኑ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ቅደም ተከተሉም ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ ስለሆነ ነው ልጅ ኢያሱ በሐይቆቹ መሃል የገቡት።

የጋሼን ዝርዝር ዝቅ ብለን ስናየው ገና ብዙ ነበር። «ሥነ ቃል» በንጉሡ ሠ አለ፣ «ስነ ቃል» በእሳቱ ሰ አለ፣ «ሥነቃል» ተጣብቆ አለ፤ ሦስቱም የየራሳቸው ቋት ናቸው። ስለ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የጻፏቸው ሁለት ጽሑፎች አንዱ በ«ስኂን»፣ አንዱ በ«ስሂን» ተለያይተዋል። ደግሞ ከታች አንድ ረጅም መለያ ነበር፦ «ታሪክ፣ ሐይቅ፣ ገዳም»። አጠገቡ 1 ይላል። ይህ ሦስት መለያ መሆን ነበረበት። ብሎገር መለያን ከመለያ የሚለየው በላቲኑ ነጠላ ሰረዝ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንደ አማርኛ ሰው የእኛን ፣ ተጠቀሙ። ማሽኑ ፣ን እንደ ማንኛውም ፊደል ቆጥሮ ሦስቱን ቃል አንድ ስም አደረጋቸው። መለያ ስትጽፉ ኪቦርዱን ለአንድ አፍታ ወደ ላቲን ቀይራችሁ ሰረዟን አስገቡ፤ ወይም መለያዎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ።

መፍትሔው የሚጀምረው ደብተር ላይ ነው። ከስክሪኑ ዘወር ብለን መለያዎቹን በሙሉ በወረቀት ገለበጥናቸው፤ ከዚያ ጋሼ የትኛው አጻጻፍ እንደሚጸና እየወሰኑ ሌላውን በብዕር ሰረዙ። ይህ የቴክኒክ ሰው የሚወስነው አይደለም። ሐይቅ በሐመሩ ሐ እንደሚጻፍ የግእዙን ሥር ጠቅሰው ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተመረጠው አንድ ይሁን፣ ደብተሩም ከኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጥ። አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ መለያው ከደብተሩ ይገለበጣል እንጂ ከጭንቅላት አይጻፍም።

ከዚያ በኋላ ማረሙ ቀላል ነው። በብሎገር የጽሑፎች ዝርዝር ላይ «ሀይቅ» የሚል መለያ ያላቸውን አውጥታችሁ በአንድነት ትመርጧቸዋላችሁ፣ «ሐይቅ»ን ትጨምሩላቸዋላችሁ፣ «ሀይቅ»ን ታነሱላቸዋላችሁ። ምንም ጽሑፍ ያልቀረው መለያ ራሱ ከዝርዝሩ ይጠፋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የመለያው ስም የአድራሻው አካል ስለሆነ፣ የድሮውን የመለያ ገጽ ሊንክ ለሰው ልካችሁ ከነበር ያ ሊንክ ከዚህ በኋላ ባዶ ገጽ ነው የሚያሳየው። የጽሑፎቹ የራሳቸው ሊንክ ግን አይነካም።

መፈለጊያ ሳጥኑም በዚሁ ችግር ይጠቃል። አንባቢው «ሃይቅ» ብሎ ቢፈልግና ጽሑፉ ውስጥ ያለው «ሐይቅ» ብቻ ቢሆን ላይገናኙ ይችላሉ። አንባቢን ፊደል ማረም አንችልም። ስለዚህ ጋሼ ዋና ዋና ጽሑፎቻቸው ግርጌ ላይ «ሀይቅ፣ ሃይቅ ተብሎም ይጻፋል» የሚል አንዲት መስመር ጨመሩ። ለአንባቢ እንደ መረጃ፣ ለመፈለጊያው እንደ መያዣ ታገለግላለች።

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ የትርጉሙ ጉዳይ ይመጣል፤ ይህ በወሎ ጽሑፍ ላይ በተለይ ይከብዳል። «አምባሰል» የሚለውን መለያ ስንከፍት ስለ ግሸን ማርያም የተጻፈውና ስለ አምባሰል ቅኝት የተጻፈው አንድ ላይ ወጡ። አምባሰል አገርም ነው፣ ቅኝትም ነው። ባቲም ከተማ ነው፣ ገበያ ነው፣ ቅኝት ነው። ትዝታ የተባለው ቅኝትም ነው፣ ጋሼ ስለ ልጅነታቸው የጻፉት ሁሉ የተጠራቀመበት ቋትም ነበር። «ሐይቅ» ራሱ ከተማው ነው ወይስ ውኃው? ጎረቤቱ ሐይቅ አርዲቦስ የት ይግባ? ማውጫው ላይ ያለ ቃል ብቻውን የሚቆም ስለሆነ ዙሪያውን አይቶ የሚረዳው ነገር የለም። በጽሑፍ ውስጥ «አምባሰል ሲዘፈን» ብንል ይገባል፤ በማውጫ ላይ «አምባሰል» ብቻ ግን ሁለት መንገድ ነው።

አራቱን ቅኝቶች «የወሎ ቅኝቶች» በሚል አንድ መለያ ሰበሰብናቸው። ቦታዎቹን «ከተሞችና ወረዳዎች» አልናቸው። ሐይቅን ግን ለብቻው ተውነው፤ በገዳሙም በውኃውም ብዙ ጽሑፍ ስላለው ብቻውን መቆም ይችላል። በብሎገር መለያ ውስጥ መለያ የለም፤ ሁሉም እኩል ናቸው። ዎርድፕረስ ላይ ቢሆን «የወሎ ቅኝቶች» ሥር ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብሎ እንደ እናትና ልጅ መደርደር ይቻላል። በዚህ በኩል ዎርድፕረስ ይበልጣል፤ ብዙ ጽሑፍ ላለው ሰው ይህ ብቻ ለመዛወር በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ምን ይውጣ፣ ምን ይግባ

በወር የተደረደረው የድሮ ጽሑፎች ሳጥን በብዙ ገጽ ላይ ገና ሲከፈት ጀምሮ ተቀምጦ የሚቆይ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን የሚከፍለው በፈረንጅ ወር ነው። የእኛ መስከረም ለሁለት ይቆረጣል፦ የእንቁጣጣሽ ጽሑፍ ሴፕቴምበር ሥር፣ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ የወጣው ኦክቶበር ሥር ይገባል። «በመስከረም የጻፉትን» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ወር መክፈት አለበት። ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታሪክ ጽሑፍ የወጣበት ቀን ለአንባቢ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. መፈረሙን እንጂ ጽሑፉ መቼ እንደወጣ አይደለም። ሳጥኑን አነሳነው። ዜና ለሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልገዋል፤ እሱ ተቆልቋይ በሚለው አማራጭ ቢያስቀምጠው ቦታ አይፈጅበትም።

በምትኩ የገባው በእጅ የሚሞላ የሊንክ ዝርዝር ነው። «ከዚህ ይጀምሩ» አልነው። ጋሼ ራሳቸው አምስት ጽሑፍ መረጡ፦ ወሎን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው የሚሰጧቸው አምስት። ማሽን የማይሠራው ምርጫ ነው፤ እኔ ለዚህ ሳጥን ከሁሉም የበለጠ ዋጋ እሰጠዋለሁ። አምስቱን ለመምረጥ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ አንዱን ያወጣሉ፣ መልሰው ያስገባሉ።

ብዙ የተነበቡትን የሚያሳየው ሳጥን ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጠባይ አለው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተነበበውን እንዲቆጥር ከተውነው፣ ከላይ ያለው ስለሚታይ ይነበባል፣ ስለተነበበም ከላይ ይቆያል። አዲሱ ጽሑፍ መግቢያ ያጣል። ብሎገር የ7 ቀን እና የ30 ቀን አማራጭ ስላለው የ30ውን ምረጡ።

የጎብኚ ቆጣሪ፣ የአየር ሁኔታ፣ ሰዓት፣ የፌስቡክ ገጽ ሳጥን፦ እነዚህን አንሱ። እያንዳንዳቸው ገጹ ሲከፈት ከሌላ ቦታ የራሳቸውን ነገር እየጎተቱ ያመጣሉ። አንባቢው በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍተው፤ ፓኬጁ የሚያልቀው ሊያነበው ለመጣው ጽሑፍ መሆን አለበት።

ተራውን ከላይ ወደ ታች እንዲህ አደረግነው፦ መፈለጊያ፣ ርእሶች፣ ከዚህ ይጀምሩ፣ ብዙ የተነበቡ። አራት ሳጥን።

በስልክ ሲከፈት

ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ካማረ በኋላ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ገጹን ከፈቱና «ማውጫው የታል?» አሉ። ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። ስልክ ጠባብ ስለሆነ ጎን የሚባል ቦታ የለውም። ብሎገር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣቸው እንደ ኮንቴምፖ ያሉ ገጽታዎች (ተዘጋጅተው የሚመጡ የገጽ መልኮች) በስልክ ላይ የጎን ዓምዱን ከላይ ባሉት ሦስት አግድም መስመሮች ውስጥ ይደብቁታል፤ ሲነኩት ይወጣል። ከዚያ በፊት በነበሩት ገጽታዎች ደግሞ የሞባይሉ ገጽ አብዛኛውን ሳጥን ጨርሶ ላያሳየው ይችላል። ዎርድፕረስ ላይ ባብዛኛው ዓምዱ ከጽሑፉ ግርጌ ይወርዳል፤ ረጅም ጽሑፍ ጨርሶ እስከ ታች ያልደረሰ አንባቢ አያየውም ማለት ነው።

ስለዚህ ማውጫውን በጎን ዓምድ ብቻ አትተማመኑ። ዋና ዋናዎቹን አራት አምስት ርእሶች ከገጹ ራስ ላይ በአግድም ሜኑ ድገሟቸው። በየጽሑፉ መጨረሻም ለአንባቢው የሚቀጥለውን በእጃችሁ ጻፉለት፦ ስለ ንጉሥ ሚካኤል የጨረሰ ሰው ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ወዳለው ይለፍ። ሁሉንም ከሠራችሁ በኋላ ፈተናው ቀላል ነው። ገጹን የማያውቅ ሰው ስልክ ተዋሱ፣ አንዱን ጽሑፍ ክፈቱለት፣ «ስለ ባቲ ገበያ የተጻፈ ካለ ፈልግልኝ» በሉት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጣቱን ተመልከቱ። እናንተ ልትነግሩት የቸኮላችሁበት ቦታ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው።

ዎርድፕረስ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚደናገጥበት ነው። ዊጀቶች የሚገኙት «አፒራንስ» ሥር «ዊጀትስ» በሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዎርድፕረስ 5.8 ዕትም የዚያን ገጽ መልክ ለወጠው፤ በድሮ ቪዲዮ የምታዩትና እናንተ ዘንድ ያለው የማይመሳሰለው ለዚህ ነው። በ2022 መጀመሪያ ከ5.9 ጋር የመጡት አዲሶቹ የብሎክ ገጽታዎች (ገጹ በሙሉ ብሎክ ከሚባሉ ቁርጥራጮች የሚገጣጠምባቸው) ደግሞ «ዊጀትስ» የሚል ገጽ ጨርሶ የላቸውም። ብትፈልጉት ብታጡት ምንም አልተበላሸም፤ ያው «አፒራንስ» ሥር «ኤዲተር» የሚለውን ክፈቱና የጎን ዓምዱን እዚያው ገጹ ላይ በብሎክ ሥሩት።

የአድራሻው ነገርም አለ። ዎርድፕረስ የጽሑፉን ርእስ ወደ ሊንክ ሲቀይር ለዚያ የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በሊንክ ውስጥ በመቶኛ ምልክቶች፣ በላቲን ፊደሎችና በቁጥሮች ተፈትቶ 9 ምልክት ይይዛል። ስናካፍለው 22 ፊደል ነው የሚበቃው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ርእስ አድራሻው ላይ ይቆረጣል። በቴሌግራም ሲላክም ብዙ ጊዜ እንደ ተበላሸ ጽሑፍ ሆኖ ይታያል። ርእሱ በአማርኛ እንዳለ ይቆይ፤ አድራሻውን ግን ከማተማችሁ በፊት በአጭር ላቲን ጻፉት። ለምድቦቹም እንዲሁ አድርጉ።

ያን ቀን ከጋሼ ቤት ስወጣ መሽቷል፤ ከጦሳ በኩል ብርዱ መጥቷል። ደብተሩ ከላፕቶፑ አጠገብ ቀረ። አሁን በወር አንዴ የመለያዎቹን ሙሉ ዝርዝር ከነቁጥሩ ከፍቼ 1 የሚል አጠገባቸው ያሉትን አያለሁ። አንዳንዱ ገና አንድ ጽሑፍ ብቻ ስላለው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን «አባ ኢየሱስ ሞአ» የሚል 1 አየሁ፤ ከሥሩ «አባ ኢየሱስ ሞዐ» 5 እያለ። ደወልኩላቸው። ደብተሩ ሲገለጥ በስልኩ ይሰማኛል። «በዐይኑ ዐ ነው፤ እዚህ ጽፌዋለሁ» አሉኝና ስልኩን ሳይዘጉ ማረም ጀመሩ።